የፍራፍሬ ዝንብና የወጥመድ ቀለም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የማንጎ፣ የብርቱካን፣ የዘይቱንና የሌሎች ፍራፍሬዎች አምራቾች ስለ ወጥመድ ቀለም፣ ቅርጽና አሰቃቀል ደጋግመው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች የተዘጋጁ ምላሾች ናቸው።

«የፍራፍሬ ዝንብ» የሚባለው በበሰለ ሙዝ ላይ የሚያንዣብበው ጥቃቅኑ ዝንብ ነው?

አይደለም። ማእድ ቤት ውስጥ በበሰለ ሙዝ ወይም በጠላ ጋን ዙሪያ የሚያንዣብቡት ቀያይ ዓይን ያላቸው ጥቃቅን ዝንቦች ድሮሶፊሊዴ ከሚባለው ቤተሰብ የሚመደቡ ሲሆኑ፣ በአብዛኛው የሚራቡትም መፍላት በጀመረ ፍሬ ላይ ነው። የአምራቹ ጠላት የሆኑት ግን ቴፍሪቲዴ የሚባል ሌላ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ብዙዎቹ በመጠን ከቤት ዝንብ ጋር ይቀራረባሉ፤ ሴቷም በሹል የእንቁላል መጣያዋ ጤነኛውን ፍሬ ወግታ እንቁላሏን ከልጣጩ ሥር ታኖራለች። የሚፈለፈሉት ትሎች ፍሬውን ከውስጥ ሲበሉት ከርመው፣ ሲጠግቡ ወጥተው አፈር ውስጥ በመግባት ወደ ሙሽሬነት ይለወጣሉ።

በአገራችን የማንጎ ማሳዎች ስሙ አብዝቶ የሚነሳው ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ የተባለው ዝርያ ትውልዱ እስያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ኬንያ ውስጥ ከታየ በኋላ በአፍሪካ ፈጥኖ የተዛመተ ሲሆን፣ እስከ 2015 ድረስ ባክትሮሴራ ኢንቫደንስ በሚል የተለየ ስም ይጠራ ነበር። በአንጻሩ የሜዲትራኒያን የፍራፍሬ ዝንብ እየተባለ የሚጠራው ሴራታይቲስ ካፒታታ፣ ስሙ የባሕር ማዶ ይሁን እንጂ፣ አፍሪካዊ ነው፤ የቡና ፍሬንም ጭምር ያጠቃል።

ዝንቧ ወደ ወጥመዱ የምትመጣው ጠረን ተከትላ ነው ወይስ በዓይኗ አይታ?

በሁለቱም ነው፤ ነገር ግን የሁለቱ ድርሻ በርቀት ይለያያል። ከሩቅ የሚጠራት ጠረን ነው፤ የበሰለ ፍሬ፣ የሚፈላ እርሾ ወይም በወጥመዱ ውስጥ የተቀመጠው ማማለያ የሚለቀው ሽታ ነፋስ ተሸክሞት ሲደርሳት ወደ ዛፉ ታመራለች። ዛፉ ላይ ከደረሰች በኋላ ግን በየትኛው ቅጠል፣ በየትኛው ፍሬ ወይም በየትኛው ዕቃ ላይ እንደምታርፍ የሚወስነው በአመዛኙ ዓይኗ ነው፤ ይህም የሚሆነው በጥቂት ሜትሮች ርቀት ውስጥ ነው።

በመሆኑም ጥሩ ማማለያ ይዞ ከአካባቢው ተለይቶ የማይታይ ወጥመድ ዝንቦችን ወደ ዛፉ ጠርቶ እንዲሁ ሊበትናቸው ይችላል። ማማለያ የሌለው፣ ሙጫ የተቀባ ባለቀለም ሰሌዳ ደግሞ የሚይዘው በአጠገቡ ያለፉትን ብቻ ነው። በአሜሪካ የአፕል ማሳዎች ሙጫ ተቀብተው ለወጥመድነት የሚያገለግሉ ቀይ ኳሶች ከአፕል ጠረን አንዱ ከሆነው ቡቲል ሄክሳኖኤት ጋር ሲሰቀሉ ብቻቸውን ከሚይዙት የበለጠ ዝንብ መያዛቸው የሁለቱን መደጋገፍ በግልጽ ያሳየ ውጤት ነው።

አብዛኞቹ ወጥመዶች ቢጫ የሆኑት ለምንድን ነው?

አረንጓዴ ቅጠል ከሚቀበለው ብርሃን ውስጥ ለዓይን የሚታየውን ክፍል አብዝቶ የሚመልሰው በ550 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ) አካባቢ ነው። ቢጫ ቀለም ደግሞ ይህንኑ የብርሃን ክፍል ከቅጠሉ እጅግ አብልጦ ይመልሳል፤ ከ500 ናኖሜትር በታች ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ግን በአመዛኙ ይውጠዋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች በስፋት የተቀበሉት ማብራሪያ፣ ቢጫ ሰሌዳ ለዝንቧ ከእውነተኛው ቅጠል ይልቅ የደመቀ፣ የተጋነነ ቅጠል ሆኖ ይታያል የሚል ነው።

ቅጠል ለምን ይስባታል ቢባል፣ ዝንቧ የምትመገበው በአብዛኛው እዚያ ስለሆነ ነው። ገና ከአፈር የወጣች ሴት ዝንብ እንቁላሏን ለማብሰል ፕሮቲን ያስፈልጋታል፤ ይህንንም የምታገኘው በቅጠል ላይ ከሚገኙ ነገሮች፣ ማለትም ሌሎች ነፍሳት ከሚተዉት ጣፋጭ ፈሳሽ፣ ከባክቴሪያ፣ ከወፍ ኩስና ከመሳሰለው ነው። ቢጫ ወጥመድ ከፕሮቲን ማማለያ ጋር ተጣምሮ በብዙ አገሮች ጥቅም ላይ የዋለው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ሁለቱም የሚናገሩት ለዚያው ረሃብ ነው።

ዝንብ ቀይ ቀለም አታይም ይባላል፤ ታዲያ ቀይ ኳስ እንዴት ይስባታል?

አባባሉ ከሞላ ጎደል ትክክል ነው፤ ጥያቄውም የጉዳዩን እምብርት የነካ ነው። የእነዚህ ዝንቦች ዓይን ለአልትራቫዮሌት (የሰው ዓይን ለማያየው ብርሃን)፣ ለሰማያዊና ለአረንጓዴ ብርሃን ንቁ ሲሆን፣ ከ600 ናኖሜትር በላይ ያለውን ቀይ ብርሃን የመቀበል አቅሙ እጅግ ይዳከማል። ቀዩ ኳስ ታዲያ ለእሷ ቀይ አይደለም፤ ጥቁር ወይም ወደ ጥቁር የሚጠጋ ነገር ነው። ጀምበር ስትጠልቅ ከፊት ለፊታችን የቆመ ሰው ልብሱ ምንም ዓይነት ቀለም ቢኖረው ጥላ ብቻ ሆኖ እንደሚታየን ሁሉ፣ ኳሱም በደማቁ ሰማይና ብርሃን በሚያሳልፉት ቅጠሎች ፊት ጎልቶ የሚታይ ድቡልቡል ጥላ ይሆንላታል።

ይህን በዝርዝር ያጠናው ሮናልድ ፕሮኮፒ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ነፍሳት ተመራማሪ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአፕል ዝንብ፣ ማለትም በራጎሌቲስ ፖሞኔላ ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ 7.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸውና ሙጫ የተቀቡ ጠቆር ያሉ ኳሶች ለመጋባትና እንቁላል ለመጣል የደረሱ ዝንቦችን በብዛት እንደሚስቡ አሳይቷል። ቀዩ ኳስ በጥቁር ቢተካም ሥራውን ይሠራል፤ ቀዩ የተለመደው ከአፕል ጋር ስለሚመሳሰል፣ ይኸውም ለእኛ ዓይን ነው።

የወጥመዱ ቅርጽና መጠንስ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ ቀለም ብቻውን ትርጉም አይሰጥም ማለትም ይቻላል። ያው ቀይ ቀለም ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ሲቀባ የአፕል ዝንብን እምብዛም አይስብም፤ በኳስ ቅርጽ ሲሆን ግን ፍሬ ይሆንላታል። ቢጫ በተቃራኒው ሰፋ ባለ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ኃይለኛ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ የሚወክለው ቅጠልን ነው።

መጠንን በተመለከተ፣ ዝንቧ ከለመደችው ፍሬ ከፍ ያለ ኳስ ከእውነተኛው ፍሬ የበለጠ ሊስባት ይችላል። ይህ ግን ወሰን አለው፤ እጅግ የገዘፈ ኳስ እንደ ፍሬ መታየቱ ይቀራል። ሁለቱን ጥሪዎች ለማጣመር ቢጫ ሰሌዳ ላይ ቀይ ግማሽ ኳስ የተለጠፈበት ወጥመድም ተሠርቷል።

ሁሉም ዝርያዎች አንድ ዓይነት ቀለም ይወዳሉ?

አይወዱም፤ ከሌላ አገር የመጣን ምክር ሳይመረምሩ መውሰድ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው። የአውሮፓ የቼሪ ዝንብ በቢጫ ሰሌዳ በሚገባ ይያዛል፤ የወይራ ዝንብም ወደ ቢጫ ይሳባል። በፍሎሪዳ የሚገኘው የካሪቢያን የፍራፍሬ ዝንብ ግን ደማቅ ብርቱካናማ ቀለም ይስበዋል። የአውስትራሊያው የኩዊንስላንድ ዝንብ፣ ባክትሮሴራ ትራዮኒ፣ ከፍሬ መሰል ኳሶች መካከል ለሰማያዊው ያደላ መሆኑ በጥናት ታይቷል፤ ይህን ሲሰሙ ብዙ ሰዎች ይገረማሉ፤ መገረማቸውም አያስወቅስም።

ከሌላው ቤተሰብ ደግሞ ድሮሶፊላ ሱዙኪ የተባለችው አለች። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካና በአውሮፓ ከታየች ወዲህ እንጆሪን የመሳሰሉ ለስላሳ ፍሬዎችን ገና ሳይበሰብሱ በማጥቃት የታወቀች ስትሆን፣ ለእሷ የሚሠሩ ወጥመዶች ብዙውን ጊዜ ቀይና ጥቁር ናቸው።

በዱባ፣ በሐብሐብና በኪያር ላይ የሚመጣው ዳከስ ሲሊየተስ፣ በውጭው ዓለም «የኢትዮጵያ የፍራፍሬ ዝንብ» እየተባለ የሚጠራው፣ ችግሩ ሌላ ነው። ለወንድ ዝንቦች የሚዘጋጁት የታወቁ ማማለያዎች ስለማይስቡት፣ የምግብ ማማለያና ለዓይን የሚታየው የወጥመዱ ገጽታ ከሌሎቹ ዝርያዎች ይልቅ ለእሱ ትልቅ ቦታ ይይዛሉ።

በማንጎ ላይ ለሚመጣው ዝንብ የትኛውን ቀለም ልምረጥ?

በመጀመሪያ መለየት ያለበት የሚፈለገው ወንዱ ነው ወይስ ሴቷ የሚለው ነው። ሜቲል ዩጂኖል የተባለው ማማለያ የባክትሮሴራ ዶርሳሊስን ወንዶች እጅግ አጥብቆ ይስባል፤ ሴቶቹን ግን ከቁጥር በማይገባ መጠን ነው። ጠረኑ ይህን ያህል ኃይለኛ በሚሆንበት ጊዜ የቀለሙ ድርሻ ያንሳል፤ ነጩ የጃክሰን ወጥመድ፣ ማለትም ባለ ሦስት ማዕዘኑ የሰም ካርቶን፣ ለክትትል የሚያገለግለውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ማለት ግን ቀለሙ ምንም አይደለም ማለት አይደለም፤ በሃዋይ በተደረጉ ሙከራዎች ቢጫና ነጭ ወጥመዶች ይህንኑ ማማለያ ይዘው ከጠቆሩት ወጥመዶች የተሻለ ይዘዋል።

ፍሬውን የምትወጋው ሴቷ ናት፤ እሷን ለመያዝ ከተፈለገ ቢጫ መሠረትና ግልጽ ክዳን ያለው፣ ዝንቧ ከሥሩ የምትገባበት የማክፌል ዓይነት ወጥመድ፣ በውስጡም የእርሾ ወይም የሌላ ፕሮቲን ፈሳሽ፣ የተሻለው ምርጫ ነው። ለማንጎ ማሳ የእኔ አስተያየት ሁለቱንም ለየብቻ ዓላማቸው መጠቀም ነው፤ የወንዱ ወጥመድ ዝንቡ መምጣቱን ቀድሞ ይነግራል፣ የሴቷ ደግሞ አደጋው ምን ያህል እንደቀረበ ያሳያል።

የቆላ ዝንብ ወጥመድ ሰማያዊ ነው፤ ያንኑ ለፍራፍሬ ዝንብ መጠቀም አይቻልም?

አይቻልም። በስምጥ ሸለቆ ደቡባዊ ክፍል ያሉ ብዙ ገበሬዎች የገንዲ በሽታ አስተላላፊ የሆነውን የቆላ ዝንብ ለመያዝ የሚተከሉትን ሰማያዊና ጥቁር የጨርቅ ወጥመዶች ስለሚያውቁ ጥያቄው ተገቢ ነው። የቆላ ዝንብ የሚፈልገው ደም ነው፤ ሰማያዊው ከሩቅ ይስበዋል፣ ጥቁሩ ደግሞ እንዲያርፍ ይገፋፋዋል። የፍራፍሬ ዝንብ የምትፈልገው ቅጠልና ፍሬ በመሆኑ፣ ያ ጨርቅ ለእሷ ፋይዳ የለውም።

የማክፌል ወጥመድ ከላይ ግልጽ፣ ከታች ቢጫ የሆነው ለምንድን ነው?

ሁለቱ ክፍሎች ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሏቸው። ቢጫው መሠረት ዝንቧን ያቀርባታል፤ ከሥር ባለው ወደ ውስጥ በተቀለበሰው ቀዳዳ በኩልም ትገባለች። ከገባች በኋላ ዝንብ ለማምለጥ ስትሞክር ወደ ብርሃን፣ ማለትም ወደ ላይ፣ የመብረር ጠባይ ስላላት ግልጹ ክዳን ያታልላታል፤ መውጫው ያለው ከሥር በጨለማው በኩል ነውና ደጋግማ ክዳኑን ስትመታ ትደክምና ፈሳሹ ውስጥ ትወድቃለች። ክዳኑ በአቧራ ወይም በሻጋታ ሲደበዝዝ ይህ ማታለያ ይዳከማል፤ ስለዚህ ፈሳሹ በሚቀየርበት ቀን ክዳኑንም ማጠብ ይገባል።

ወጥመዱ የት መሰቀል አለበት?

በዛፉ ዘውድ ውስጥ፣ ከፊል ጥላ ባለበት፣ ዝንቦቹ በሚውሉበት ከፍታ ነው። ጠራራ ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ወጥመድ ማማለያው ቶሎ ይተናል፤ ቀለሙም ይገረጣል። በጣም ጥቅጥቅ ባለ ቅጠል ውስጥ የተደበቀ ደግሞ፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ አይታይም። ከወጥመዱ ዙሪያ ከሩብ እስከ ግማሽ ሜትር የሚሆን ቦታ ከቅጠልና ከቅርንጫፍ ነጻ ቢደረግ፣ ከዚያ ባሻገር ግን ቅጠልና ፍሬ ቢኖር መልካም ነው። በተለይ ፍሬ መሰል ኳሶች ከፍሬ አጠገብ መሆን አለባቸው፤ ፍሬ በሌለበት ቅርንጫፍ ላይ ፍሬ ፈላጊ ዝንብ ብዙም አትመጣም። ቅርንጫፍ የነካ ወጥመድ ለጉንዳን መሸጋገሪያ እንደሚሆን፣ ጉንዳኖቹም የተያዙትን ዝንቦች እያወጡ ቆጠራውን እንደሚያዛቡት መዘንጋት የለበትም።

ከቢጫ የዘይት ጀሪካን ወይም ከሃይላንድ ጠርሙስ ወጥመድ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል። የቢጫው ጀሪካን ጠፍጣፋ ጎን ተቆርጦ፣ ከሁለቱም ገጽ የማይደርቅ ሙጫ ከተቀባ፣ በቅርጹም በቀለሙም ቢጫ ሰሌዳ የሚባለው ወጥመድ ሆነ ማለት ነው። አዲሱን ወይም ብዙ ያልገረጣውን መምረጥ ይገባል፤ ለዓመታት ውኃ ሲቀዳበት ፀሐይ የመታው ጀሪካን ወደ ነጭነት ስለሚያደላ የመጀመሪያ ድምቀቱን አጥቷል።

ግልጹ የውኃ ጠርሙስም ወገቡ ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች ተበስተው የፕሮቲን ፈሳሽ ሲጨመርበት ይይዛል፤ የታችኛው ሲሶ ከውጭ ቢጫ ቢቀባ ደግሞ የማክፌልን አሠራር በርካሽ መድገም ነው። የላይኛውን ክፍል ግን መቀባት አያስፈልግም፤ ምክንያቱ ከላይ ተገልጿል። በአፈር፣ በቅጠል ቁርጥራጭና በሞቱ ነፍሳት የተሸፈነ ሙጫ መጀመሪያ ማጣበቁን፣ ቀጥሎም ቀለሙን ያጣል፤ በበጋ በአቧራማ መንገድ ዳር ባሉ ማሳዎች ይህ በቀናት ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ቢጫ ወጥመድ ንቦቼንና ጠቃሚ ነፍሳትን አይጎዳም?

ሊጎዳ ይችላል። ቢጫ ለብዙ አበባ ጎብኚ ነፍሳት የአበባ ምልክት ስለሆነ፣ ሙጫ የተቀባ ቢጫ ሰሌዳ ንቦችን፣ የትል ጠላት የሆኑ ጥገኛ ተርቦችንና ሌሎች አዳኝ ነፍሳትን ጭምር ይይዛል። ከእነዚህ ተርቦች አንዷ የሆነችው ፎፒየስ አሪሳነስ በናይሮቢ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል አማካይነት ባክትሮሴራ ዶርሳሊስን እንድትቀንስ በአፍሪካ የተለቀቀች ናት፤ እሷን በሙጫ ማጥመድ የራስን ወታደር እንደ መማረክ ይሆናል።

ቀፎ በአቅራቢያ ካለ፣ በአበባ ወቅት ባለ ሙጫ ሰሌዳዎችን ማውረድና ዝንቦች ከውስጥ በሚያዙበት ዝግ ወጥመድ መተካት የተሻለ ነው። ጠቆር ያሉ ቀይ ኳሶች ንቦችን የሚይዙት ከቢጫ ሰሌዳ ባነሰ መጠን ነው፤ ይህም ለሚስማማቸው ዝርያዎች ተጨማሪ ጥቅም ነው።

ወጥመዴ ብዙ ዝንብ ይዟል፤ ፍሬዬ ግን አሁንም ትል አለበት። ለምን?

አንደኛው ምክንያት የተያዙት ወንዶች ሊሆኑ መቻላቸው ነው። ሁለተኛው ከዝንቧ የዕድሜ ደረጃ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቢጫና ፕሮቲን የሚስቡት የተራበችውንና ገና ያልደረሰችውን ሴት ሲሆን፣ እንቁላሏ የበሰለው ፊቷን ወደ ፍሬው አዙራለች። ከጎረቤት ማሳ እንቁላሏ በስሎ የምትመጣ ሴት ዝንብ ታዲያ ቢጫውን ሰሌዳ አልፋ በቀጥታ ማንጎው ላይ ልታርፍ ትችላለች።

ሦስተኛው ፉክክር ነው። ፍሬው በብዛት በሚበስልበት ሳምንት፣ በዛፉ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ እውነተኛ ፍሬዎች ጠረናቸውንም ቅርጻቸውንም ይዘው ከወጥመዱ ጋር ይወዳደራሉ፤ በዚያን ጊዜ የወጥመዱ ቁጥር ቢቀንስ ዝንቡ ጠፋ ማለት ላይሆን ይችላል። ወጥመድ በዋናነት መቁጠሪያ መሣሪያ ነው፤ የወደቀ ፍሬ ሳይለቀም ከዛፉ ሥር በሚበሰብስበት ማሳ ከአፈር የሚወጣውን ያህል ዝንብ ይዞ የሚጨርስ ወጥመድ የለም።

ሁለት ቢጫ ወጥመዶች ለዓይኔ አንድ ናቸው፤ የሚይዙት ግን ለምን ይለያያል?

ለእኛ አንድ የሆነው ለዝንቧ ሁለት ሊሆን ስለሚችል ነው። እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት እሷ ታያለች፤ ሁለት ቀለሞች በሚታየው ብርሃን አንድ ዓይነት ሆነው አልትራቫዮሌትን በመመለስ ሊለያዩ ይችላሉ። በነጭ ይህ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል፤ አብዛኞቹ ነጭ ቀለሞች የሚሠሩበት ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ አልትራቫዮሌትን ስለሚውጥ፣ ለእኛ ንጹሕ ነጭ የሆነው ለዝንቧ ከብርሃኗ አንዱ ክፍል የጎደለበት ሌላ ቀለም ነው። በዚህ ላይ ጀርባውም ይጨመራል፤ በአረንጓዴ ቅጠል ፊት የተሰቀለና ክፍት ሰማይ ፊት የተሰቀለ ወጥመድ በንጽጽር እኩል አይጎሉም።

በራሴ ማሳ ሁለት ቀለሞችን በትክክል ማወዳደር የምችለው እንዴት ነው?

አንድ ቢጫና አንድ ቀይ ሰቅሎ ከሳምንት በኋላ መቁጠር አያስተማምንም፤ ልዩነቱ የቀለሙ ሳይሆን የዛፉ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ ከእያንዳንዱ ቀለም አራት ወይም አምስት ወጥመድ፣ በመጠን፣ በቅርጽ፣ በማማለያ መጠንና በከፍታ አንድ ዓይነት ሆነው፣ በተለያዩ ዛፎች ላይ ይሰቀሉ። አንዱ ከሌላው ማማለያ እንዳይሻማ ርቀታቸው ይጠበቅ። ከዚያም በየቆጠራው ቀን ቦታቸውን በመቀያየር እያንዳንዱ ቀለም በእያንዳንዱ ዛፍ ላይ ተራውን እንዲያገኝ ማድረግ ነው።

ሲቆጠርም ወንድና ሴት ለየብቻ ይመዝገቡ፤ ሴቷ ከሆዷ ጫፍ በሚወጣው ሹል የእንቁላል መጣያ ትለያለች። ድምሩ ብቻ ከተጻፈ፣ ብዙ ወንድ የያዘው ወጥመድ ጥቂት ሴት ከያዘው ይበልጣል ተብሎ ይወሰንና ፍሬውን የምትወጋዋን የሚይዘው ቀለም ይጣላል። የተያዙትን በአልኮል አኑሮ ዝርያቸውን ለይቶ ወደሚያውቅ የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ መውሰድም ይጠቅማል፤ በአንድ የማንጎ ማሳ ባክትሮሴራም ሴራታይቲስም አብረው ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ዝርያው ሳይለይ የተደረገ የቀለም ንጽጽር የትኛው ዝንብ የትኛውን እንደመረጠ አይናገርም።